ሥልጣን የራቃቸው ጳጳስ ብር፦ ስለ ኮሎሬዶ ታለር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የሚያወራው ስለ አንድ የብር ገንዘብ ነው። ዛሬ ኦስትሪያ ውስጥ ያለችው የሳልዝቡርግ የመጨረሻው ገዥ ጳጳስ ያወጡት ታለር ነው። በኦስትሪያና በጀርመን የሚኖሩ ወገኖቻችን በአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲያገኙት ከጠገራ ብር ጋር አንድ ይመስላቸዋል፤ መምሰሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በብሩ ላይ የሚታዩት ሰው ማን ናቸው?

ሄሮኒሙስ ኮሎሬዶ ይባላሉ። በ1732 በቪየና ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለዱ። ማርች 14 ቀን 1772 የሳልዝቡርግ ካቴድራል ካህናት ጉባኤ ልዑል ሊቀ ጳጳስ አድርጎ መረጣቸው። ከዚያ እስከ 1803 አገሩን ገዙ። ከእሳቸው በኋላ በሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳስ ተሹሟል፤ አገር የገዛ ጳጳስ ግን የለም።

ጳጳስ እንዴት በራሱ መልክ ገንዘብ ያስመታል?

ይህ ጥያቄ ከእኛ አገር ሰው ቢመጣ አያስደንቅም። በእኛ ታሪክ አቡኑ ይቀባል፣ ንጉሡ ይነግሣል። ቤተ ክርስቲያን ሰፊ መሬት ነበራት፤ አቡኑም በቤተ መንግሥት ትልቅ ቃል ነበረው። ነገር ግን ጦር አስከትቶ፣ ግብር አስገብሮ፣ በራሱ መልክ ብር ያስመታ አቡን አናውቅም።

በቅዱስ የሮማ መንግሥት ግን፣ ማለትም የዛሬዎቹን ጀርመንና ኦስትሪያ ከብዙ ጎረቤት አገሮች ጋር ይዞ በነበረው ግዛት ውስጥ፣ ሁለቱን ሥልጣን በአንድ እጅ የያዙ በርካታ ጳጳሳት ነበሩ። ልዑል ጳጳስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እንደ ጳጳስ ካህን ይሾማሉ፣ እንደ ልዑል ቀረጥ ይሰበስባሉ፣ በወንጀለኛ ላይ ይፈርዳሉ፣ ገንዘብም ያወጣሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በላያቸው አለ፤ በገዛ ምድራቸው ግን ጌቶች እነሱ ናቸው።

ሳልዝቡርግ ከእነዚህ ሁሉ ከባለጸጎቹ አንዷ ነበረች። ሀብቷ ከሃላይን የጨው ማዕድንና ከጋስታይንና ራውሪስ ሸለቆዎች ወርቅ የመጣ ነው። የከተማይቱ ስም ራሱ «የጨው ምሽግ» ማለት ነው። እነሱ ጨው ሸጠው ብር አስመቱ፤ እኛ ደግሞ ጨውን ራሱን አሞሌ ብለን ገንዘብ አደረግነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ርቀት ያጥርብኛል።

በብሩ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

በፊት ገጹ ወደ ቀኝ የዞረ መልካቸው አለ፤ ዙሪያውን ስማቸውና በአጭሩ የተቀመጡ የላቲን ፊደላት ይከቡታል። እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ቃል መነሻ ነው። ተዘርዝሮ ሲተረጎም እንዲህ ይነበባል፦ «ሄሮኒሙስ፣ በእግዚአብሔር ጸጋ የሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳስና ልዑል፣ የሐዋርያዊው መንበር ቋሚ እንደራሴ፣ የጀርመን ቀዳሚ»።

በጀርባው በካባ ላይ የተዘረጋ ዓርማ አለ። ከበላዩ ዘርፉ ወደ ታች የሚወርድ ሰፊ የካህን ባርኔጣ ተቀምጧል፤ ዓመቱም በዚያው ገጽ ይገኛል። የመምቻውን ብረት የቀረጹት በዚያ ዘመን በሳልዝቡርግ የታወቁት የማትሰንኮፕፍ ቤተሰብ ባለሙያዎች ናቸው።

ብዙ ሰው ይህን ጽሕፈት እንደ ጌጥ አይቶ ያልፈዋል። እኔ ግን የብሩ ታሪክ በሙሉ እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የማዕረጎቹ ዕድሜ እኩል አልሆነም። «ልዑል» የሚለው የያዘው የአገር ገዥነት በ1803 ሞተ። «ሊቀ ጳጳስ» የሚለውን ኮሎሬዶ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያዙት። «ቋሚ እንደራሴ»፣ ማለትም የሮማው ጳጳስ ወኪል፣ የሚለው ማዕረግ ለሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሳይሆንም ቀይ ልብስ የመልበስ መብት ይሰጠዋል፤ መብቱ እስከ ዛሬ አለ። «የጀርመን ቀዳሚ»፣ ማለትም ከጀርመን ጳጳሳት በክብር ፊተኛው፣ የሚለውም የዛሬው የሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳስ ይጠራበታል፤ መንበሩ ያለው ኦስትሪያ ውስጥ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። በአንድ ብር ዙሪያ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ቃላት መካከል ሥልጣኑ የሞተው አንዱ፣ ያውም ገንዘብ የማስመታት መብት የሰጠው ነው።

ክብደቱ ስንት ነው? ከጠገራ ብር ጋርስ ምን ያዛምደዋል?

ሙሉው ታለር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ አንዱ እጅ መዳብ ነው። ስለዚህ በውስጡ 23.38 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር አለ።

እነዚህን ቁጥሮች የጠገራን ብር ለሚያውቅ ሰው ብትነግሩት «ይህማ የማሪያ ቴሬዛ ነው» ይላችኋል። ትክክል ነው፣ መለኪያው አንድ ነው። በ1753 ኦስትሪያና ባቫሪያ የገንዘብ ስምምነት አደረጉ። በስምምነቱ መሠረት የኮሎኝ ማርክ ከሚባለው፣ 233.856 ግራም ከሚመዝን ንጹሕ ብር አሥር ታለር ይወጣል። ቀስ በቀስ በርካታ የደቡብ ጀርመን ገዥዎች ይህን መለኪያ ተቀበሉ፤ ሳልዝቡርግም ተቀበለች። አንዳንዶቹ አገሮች ይህንኑ በብሩ ላይ ጽፈውታል፦ «አሥሩ አንድ ማርክ ንጹሕ ብር»። ስምምነቱ ስለ ክብደትና ጥራት እንጂ ስለ መልክ አልነበረም። ሁሉም ገዥ የራሱን ፊት፣ የራሱን ዓርማና የራሱን ማዕረግ አስቀረጸ።

ስለዚህ የኮሎሬዶ ታለርና የማሪያ ቴሬዛ ታለር ወንድምና እኅት ናቸው። አባታቸው ያ ስምምነት ነው፤ ያደጉበት ቤት ግን ተለያየ።

የእቴጌይቱ ብር ባሕር ተሻገረ። በ1780 ሲሞቱ ልጃቸው ዮሴፍ ሁለተኛ የራሳቸውን መልክ ያለበት ብር አወጡ፤ የምሥራቁ ነጋዴ ግን የለመደውን ፊት ካላየሁ አለ። ስለዚህ 1780 የሚለው ዓመት ሳይነካ እቴጌይቱ ከሞቱም በኋላ ብሩ መመታቱን ቀጠለ። ዛሬም በቪየና ይመታል። ኢትዮጵያ የገባው ይኸው ነው። የእኛ አገር ነጋዴ ብሩን ሲቀበል የእቴጌይቱን የራስ ጌጥ ነጥቦችና የትከሻቸውን አንባር መሰል ጌጥ በዓይኑም በጣቱም ይመረምር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ ያስመቱት ብር ሳይቀር ክብደቱ ከዚሁ ጋር እንዲስተካከል ተደርጓል፤ እሱም 28 ግራም ያህል ነው።

የጳጳሱ ብር እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። በብር ብዛት አያንስም፣ በሥራም አያንስም፤ እንዲያውም ቅርጹ ይበልጥ የጠራ ነው ባይ ነኝ። ያጣው ፊቱን የሚያውቅ ሩቅ ገበያ ብቻ ነው።

ታዲያ ከአያቴ ሣጥን ያገኘሁት የጳጳሱ ሊሆን ይችላል?

መጀመሪያ መልኩን ተመልከቱ። ሻሽ መሰል የራስ ልብስ ያደረጉ ደረታቸው ሞላ ያለ ሴት ከሆኑ ማሪያ ቴሬዛ ናቸው፤ በጀርባው ሁለት ራስ ያለው ንስር ታያላችሁ። ወንድ ከሆኑና በጀርባው ባርኔጣና ካባ ያለው ዓርማ ካለ ወደ ጳጳሳቱ ወገን ትሄዳላችሁ። በአገራችን ሣጥኖች ውስጥ የሚገኘው የመጀመሪያው ነው።

ኮሎሬዶ ሥልጣናቸውን እንዴት አጡ?

ነገሩ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 1800 የፈረንሳይ ጦር በሆሄንሊንደን የኦስትሪያንና የባቫሪያን ጦር ድል አደረገ። ከዚያ ወደ ሳልዝቡርግ ያለው መንገድ ክፍት ሆነ። ኮሎሬዶ ጠላት ሳይደርስ ዲሴምበር 10 ቀን ከተማቸውን ለቀው ሄዱ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጄኔራል ሞሮ ወታደሮች ገቡ። እንደ ገዥ ዳግመኛ አልተመለሱም።

ፍርዱ ግን የተሰጠው ከጦር ሜዳ ርቆ፣ በወረቀት ላይ ነው። በፌብሩዋሪ 1801 በተፈረመው የሉኔቪል ውል ከራይን ወንዝ ግራ ያለው ምድር ለፈረንሳይ ተሰጠ። በዚያ ምድር ርስት የነበራቸው የጀርመን ልዑላን ካሣ ጠየቁ። ካሣው ከየት ይምጣ? ከጳጳሳቱ። ልጅ የማይወርሰው፣ ዘመድ የማይዋጋለት ርስት የቤተ ክርስቲያን ርስት ነበርና እጅ ሁሉ ወደዚያ ተዘረጋ። በሬገንስቡርግ የተቀመጠው ጉባኤ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1803 የመጨረሻውን ውሳኔ ሲያወጣ ከጥቂቶች በቀር የገዥ ጳጳሳት ሥልጣን ሁሉ ተሰረዘ። ኮሎሬዶ ጉባኤው ሳይጨርስ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን፣ የምድራዊ ገዥነታቸውን ለቅቄአለሁ ብለው ፈርመዋል። ጵጵስናቸውን ግን አልለቀቁም።

ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ መንበር የምድር ሥልጣኑን በዚህ ዓይነት መንገድ ማጣቱን ሳስብ፣ ሥርዓቱን ባልናፍቅም ያሳዝነኛል። የተጠየቀ ሕዝብ አልነበረም፤ አገሩ የሌላ ሰው ዕዳ መክፈያ ሆነ።

ሥልጣናቸው ሲናወጥ ብሩ ላይ ለውጥ ታየ?

አልታየም፤ እኔን ከሁሉ የሚስበኝም ይህ ነው። በ1772 የተመታውንና ወደ መጨረሻው የተመታውን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ፊታቸው አርጅቶ፣ የቅርጹ ስልት ተለውጦ ታያላችሁ። ክብደቱና ጥራቱ ግን ያው ነው፤ ማዕረጉም አንድ ፊደል አልቀነሰም። ገዥ ሲደኸይ ብሩን በመዳብ ማብዛት በአውሮፓም በሌላውም ዓለም የተለመደ ዘዴ ነው። እዚህ አልተደረገም።

ሌሎች ጳጳሳት ጭንቀታቸውን በብሩ ላይ ጽፈውታል። የፈረንሳይ ጦርነት ሲበረታ የቩርዝቡርጉ ልዑል ጳጳስ በ1795 «ለአገር» የሚል ታለር አወጡ። የፉልዳው «ለእግዚአብሔርና ለአገር» ብለው ጻፉ። የአይሽቴቱ በ1796 የቤተ መንግሥታቸውን የብር ሳህንና ጽዋ አቅልጠው ታለር አስመቱ፤ ብሩም ራሱ በላቲን ይህንኑ ይናገራል። እነዚህን ብሮች እጄ ላይ ሳደርግ ትናንት ማዕድ ላይ የነበረ ጽዋ የያዝኩ ይመስለኛል። የኮሎሬዶ ታለር ግን ስለ ጦርነቱ ዝም ብሏል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ የማዕረጉን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ይናገራል።

ከእሳቸው በኋላ በሳልዝቡርግ ማን ብር አስመታ?

በኢጣልያ ያለችውን ቶስካናን በናፖሊዮን የተነጠቁት ፈርዲናንድ ሦስተኛ ሳልዝቡርግን በካሣ ተቀበሉ። መራጭ ልዑል፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት ልዑላን አንዱ፣ የሚል ማዕረግ ይዘው ከ1803 ጀምሮ በዚያው ከተማ በራሳቸው መልክ ታለር አስመቱ። ክብደቱ ያው፣ ማተሚያ ቤቱ ያው፤ የሄደው የካህኑ ባርኔጣ ነው። ይህም ብዙ አልቆየም፤ ሳልዝቡርግ ጥቂት ቆይታ ወደ ኦስትሪያ፣ በ1810 ወደ ባቫሪያ፣ በ1816 እንደገና ወደ ኦስትሪያ ተላለፈች። ፈርዲናንድ ወደ ቶስካና ሲመለሱ የጥንት ሊቃነ ጳጳሳቱ የወርቅና የብር ዕቃም ፍሎረንስ ደርሷል፤ ዛሬ በፒቲ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይታያል።

ሞዛርትን ያስመረሩት ጳጳስ እኒህ ናቸው?

አዎን። ሞዛርት በሳልዝቡርግ ቤተ መንግሥት የኦርጋን ተጫዋች ሆኖ በ1779 ሲቀጠር ደመወዙ በዓመት 450 ጉልደን ነበር። ቅዳሴው ከሦስት ሩብ ሰዓት እንዳይበልጥ መታዘዙን በደብዳቤው ጽፏል። በ1781 በቪየና ተጣልተው ሲለያዩ የጳጳሱ ሹም ቆጥሮ የሰጠው የመሰናበቻ ገንዘብ አልነበረም፤ በእርግጫ አባረረው።

በዚህ ታሪክ ምክንያት ኮሎሬዶ በዓለም ፊት ክፉ ጌታ ሆነው ቀርተዋል። ፍርዱ ሚዛን የጎደለው ይመስለኛል። ለሞዛርት የሚገባውን ክብር አልሰጡትም፤ ይህ እውነት ነው። ያም ሆኖ ትምህርት ቤቶችን አሻሽለዋል፣ የቤተ መንግሥትን ወጪ ቀንሰዋል፣ በ1782 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት በቤተ ክርስቲያን ጌጥ ላይ ከሚባክነው ገንዘብ ለድሃ መስጠት እንደሚበልጥ አስተምረዋል። ሕዝቡ የሚወዳቸውን ዑደቶችና ልማዶች ስለከለከሉ በገዛ አገራቸውም ብዙ አልተወደዱም።

እውነተኛ መሆኑን በቤቴ ማረጋገጥ እችላለሁ?

ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ብዙ ርቀት መሄድ ይቻላል። በመጀመሪያ በትክክለኛ ሚዛን መዝኑት፤ ከ27.5 ግራም በታች ከሆነ በጣም ያለቀ ወይም የተጠረጠረ ነው። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም፤ ስላልሳበው ብቻ ግን እውነተኛ ነው አይባልም።

እኔ ከሁሉ የማምነው የውኃውን ፈተና ነው። ትንሽ ሚዛን ላይ ውኃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ከዚያ ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ፣ የብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አውርዱት። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት። የብሩን ክብደት ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉ 10.2 ገደማ ይመጣል፤ ከአምስት ስድስተኛ ብርና ከመዳብ የተሠራ ነገር የሚሰጠው ቁጥር ይህ ነው። 9 ወይም ከዚያ በታች ከመጣ በውስጡ ያለው ሌላ ብረት ነው።

ከዚያ በአጉሊ መነጽር ዳርቻውንና የፊደላቱን ሥር ተመልከቱ። ተቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብር ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ይኖሩታል፤ ፊደሎቹም የሳሙና ያህል የደበዘዙ ይሆናሉ። የተመታ ብር ፊደሉ ከሥሩ የሾለ ነው።

ላዩ ላይ የሞረድ ጭረት አለው። ተበላሽቷል ማለት ነው?

ጭረቶቹ ትይዩ ሆነው ከምስሉ ሥር የሚያልፉ ከሆነ ጉዳት አይደሉም። ማተሚያ ቤቱ ከመምታቱ በፊት ክብደቱ የበለጠውን ጠፍጣፋ ብር በሞረድ እየፋቀ ያስተካክል ነበር። ጭረቱ የሠራተኛው የእጅ ምልክት ነው። የብሩ ሚዛን እንዳይዛባ ምን ያህል ይጠነቀቁ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ አልፈልግም። ጭረቱ ከምስሉ በላይ የሚያልፍ ከሆነ ግን ከጊዜ በኋላ የመጣ ነው፤ ዋጋውን ይቀንሳል።

በላይኛው ጫፍ የተጠገነ ቀዳዳ ወይም የብየዳ ጠባሳ ካያችሁ በአንድ ወቅት የአንገት ጌጥ ነበር ማለት ነው። በአልፕስ አገር ገበሬዎች ዘንድም ታለርን በሰንሰለት ማንጠልጠል የተለመደ ነበር። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ይንቁታል። እኔ አልንቀውም፤ አያቴ የአንገት መስቀሏ ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ መሆኑን እየነገረችኝ ነው ያደግሁት።

ልወልውለው?

በፍጹም። ጥቁረቱ የብሩ ዕድሜ ነው፤ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና ወይም በአሲድ ከፈገፈጋችሁት አይመለስም። አቧራ ካለው ለብ ባለ ውኃ አለቅልቃችሁ ሳታሹ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁት። ስትይዙትም በዳርቻው ያዙት።

የት ሄጄ ላየው እችላለሁ?

የሳልዝቡርግ ሙዚየም የአገሩን ገንዘብ ይዟል። በቪየና የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ያለው የገንዘብ ክፍልም በዓለም ካሉት ትላልቆቹ አንዱ ነው። ቪየና የምትኖሩ ሰዎች የማሪያ ቴሬዛን ብር እዚያው አይታችሁ ሁለቱን ማነጻጸር ትችላላችሁ።

ኮሎሬዶ በመጨረሻ ምን ሆኑ?

ቀሪ ዕድሜያቸውን በቪየና አሳለፉ። ሀገረ ስብከታቸውን ከሩቅ ሆነው እየመሩ፣ ሳልዝቡርግን ዳግም ሳያዩ፣ ሜይ 20 ቀን 1812 አረፉ። በቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ተቀበሩ። ሥልጣናቸውን ካጡ ልክ ሁለት መቶ ዓመት ሲሞላ፣ በ2003፣ አፅማቸው ወደ ሳልዝቡርግ ካቴድራል ተወስዶ ከቀደሙት ሊቃነ ጳጳሳት ጋር ዐረፈ።